በቪዲዮ ስዊቸር ላይ ትራንዚሽን አጠቃቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስዊቸር (ከብዙ ካሜራዎች መካከል አየር ላይ የሚወጣውን ምስል የሚመርጠው ማሽን) ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዋይፖቹ ነው፤ አዲሱ ምስል በመስመር ወይም በቅርጽ አሮጌውን እየጠረገ ወደሚገባባቸው ሽግግሮች። ክቡ አለ፣ አልማዙ አለ፣ ከጥግ የሚከፈተው አለ። ሁሉንም መሞከር ያምረዋል። አብዛኛው የቀጥታ ስርጭት ሥራ ግን የሚያልቀው በሁለት ቁልፎች ነው። ችግር የሚፈጠረውም በዋይፑ ዓይነት ሳይሆን ቁልፉ ሲጫን ምን እንደሚንቀሳቀስ ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ፕሮግራም እና ፕሪቪው ምንድን ናቸው?

ፕሮግራም አሁን ተመልካች የሚያየው ምስል ነው። ፕሪቪው ደግሞ ተራውን የሚጠብቀው። ብዙ ስዊቸሮች ላይ ሁለት ረድፍ ቁልፎች አሉ። ፕሮግራም ላይ ያለው ቀይ ይበራል፣ ፕሪቪው ላይ ያለው አረንጓዴ። ካሜራው ላይ ያለችው ታሊ የምትባለው መብራትም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ቀለም ትከተላለች። ትራንዚሽን ማለት አረንጓዴውን ወደ ቀይ ማምጣት ነው።

ትራንዚሽኑ ሲያልቅ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ካሜራ 1 አየር ላይ፣ ካሜራ 2 ፕሪቪው ላይ ከነበሩ አሁን ተገላቢጦሽ ነው። ይህ ለሁለት ሰዎች ቃለ መጠይቅ ግሩም ነው። ከት የሚለውን አንድ ቁልፍ ብቻ እየተጫናችሁ ከጠያቂው ወደ እንግዳው መመላለስ ትችላላችሁ። በሦስት ካሜራ ስትሠሩ ግን ይኸው ልማድ ጉድ ይሠራችኋል። ሦስተኛውን ፕሪቪው ላይ ሳትመርጡ ከት ካላችሁ የሚመጣው የቅድሙ ምስል ነው።

ከት፣ ኦቶ እና ቲ-ባር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ከት ወዲያው ይቀይራል፤ በአንድ ፍሬም (ቪዲዮውን ከሚሠሩት ነጠላ ምስሎች አንዱ) እና በሚቀጥለው መካከል። ኦቶ የመረጣችሁትን ትራንዚሽን በሰጣችሁት ጊዜ ውስጥ ራሱ ይጨርሰዋል። ቲ-ባር በእጅ የሚገፋው ዘንግ ሲሆን ፍጥነቱ በእናንተ እጅ ነው። ሙዚቃ ቀስ እያለ ሲያልቅ፣ ወይም ተናጋሪው መቼ እንደሚጨርስ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ቲ-ባሩ ከኦቶ ይሻላል። መሃል ላይ መዘግየት፣ ማፍጠን፣ ሐሳብ ከቀየራችሁም ወደኋላ መመለስ ትችላላችሁ።

ቲ-ባሩ የላይኛው ጫፍ ደርሷል። ለሚቀጥለው ወደ ታች መመለስ አለብኝ?

የለባችሁም። በተለመዱት ስዊቸሮች ላይ ዘንጉ ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም ይሠራል። አንዱ ትራንዚሽን የላይኛው ጫፍ ላይ ካለቀ ቀጣዩ ከዚያው ተነስቶ ወደ ታች ይሄዳል። ለማስተካከል ብላችሁ ዝም ብላችሁ ከመለሳችሁት ሌላ ትራንዚሽን አየር ላይ ሠራችሁ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ዘንጉን ጫፍ ሳያደርሱ መተው ነው። ትንሽ ቀርቶት ከቆመ የቀድሞው ምስል በስሱ ተደርቦ ይቀራል። በትንሽ ሞኒተር ላይ ልብ አትሉትም፤ በትልቅ ስክሪን ላይ ያለው ተመልካች ግን እንደ ጥላ ያየዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ቀይ ከሆኑ ትራንዚሽኑ አላለቀም።

ሁልጊዜ ከት ብቻ ብጠቀም ሰው ይሰለቻል?

አይሰለችም፤ ጭራሽ አያየውም። ከት ትክክለኛ ቦታ ላይ ሲያርፍ ተመልካቹ ምስል እንደተቀየረ እንኳ አያስተውልም። እንግዳው መናገር ሊጀምር ነው፣ እናንተ ደግሞ ወደ እሱ ቀየራችሁ። ተመልካቹም ሊያየው የፈለገው እሱን ነበር። አለቀ።

ይህ እንዲሆን ከቱ ምክንያት ይፈልጋል። አንድ ሰው ዞር ሲል፣ ጥያቄ ሲያልቅ፣ ኳስ ስትመታ፣ ከበሮው ሲያርፍ። እንቅስቃሴ ላይ የተደረገ ከት እንቅስቃሴው ይሸፍነዋል። ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ፣ ያለ ምንም ነገር የተደረገ ከት ግን «ምነው?» ያሰኛል። ሁለቱ ካሜራዎች አንድን ሰው በተቀራራቢ ርቀትና አቅጣጫ ከያዙት ደግሞ ምስሉ እንደተሰበረ ቪዲዮ ዘለል ይላል። መፍትሔው ሌላ ዓይነት ትራንዚሽን መፈለግ አይደለም፤ አንደኛው ካሜራ ሰፋ እንዲል ወይም ጎን እንዲሄድ መጠየቅ ነው።

በእኔ አመለካከት ጀማሪ ኦፕሬተር የመጀመሪያዎቹን ፕሮግራሞች በከት ብቻ ቢሠራ ይጠቀማል። መቼ መቀየር እንዳለበት የሚማረው ያኔ ነው። ዲዞልቭ (አንዱ ምስል ቀስ ብሎ ወደ ሌላው የሚቀልጥበት ሽግግር) የተሳሳተ ጊዜን ያለሰልሳል፤ በዚያው ልክ ስህተቱን ይደብቃል።

ታዲያ ዲዞልቭ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

ዲዞልቭ አንዳንድ ማሽን ላይ ሚክስ ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ይመጣል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሁለቱም እኩል ይታያሉ። ይህ ዓይነት ሽግግር ለተመልካች የሚነግረው ነገር አለው፦ ጊዜ አለፈ፣ ቦታ ተቀየረ፣ ወይም ስሜቱ ዘና ያለ ነው። ለዚህም ነው በዝግታ ዘፈን፣ በጸሎት፣ በመታሰቢያ ፕሮግራም ላይ የሚያምረው። ሞቅ ባለ ክርክር ላይ ግን አይሄድም። ሰዎቹ እየተናጠቁ ሲናገሩ በዲዞልቭ የምትከታተሏቸው ከሆነ ምስሉ ደርሶ ሳያልቅ ሦስተኛው ሰው ተናግሮ ጨርሷል።

ግማሹ ላይ ስለሚሆነው አስቡ። ሁለቱም ካሜራ የዘፋኙን ፊት መሃል ላይ ከያዙ ለተወሰነ ጊዜ አራት ዓይን እና ሁለት አፍንጫ ያለው ሰው ይታያል። አንዱ ካሜራ ዘፋኙን በግራ በኩል በቅርብ ቢይዘው፣ ሌላው ደግሞ መድረኩን በሰፊው አሳይቶ ግራ በኩል ጨለማ ቦታ ቢተው ግን ፊቱ በዚያ ጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠፋል ወይም ይወጣል። ቆንጆ ዲዞልቭ የሚሠራው ካሜራዎቹ ሲተባበሩ ነው። አንዱ ካሜራ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ እየዞረ ሳለ የተደረገ ዲዞልቭ ደግሞ የጨረባ ተዝካር ነው፤ ቢያንስ አንዱ ይቁም።

ስንት ሰከንድ ላድርገው?

ግማሽ ሰከንድ ፈጣን ነው፤ ከት ይመስላል ግን ይለሰልሳል። 1 ሰከንድ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 2 ሰከንድ ለዝግታ ሙዚቃ። ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያታችሁን እወቁት። ኤቲኢኤም ሚኒ በሚባለው ትንሽ ስዊቸር ላይ ለምሳሌ 0.5፣ 1፣ 1.5 እና 2 ሰከንድ የሚሉ ቁልፎች ፊቱ ላይ ተደርድረዋል። ለዕለት ሥራ ከዚያ ክልል መውጣት ብዙም አያስፈልግም።

ብዙ ስዊቸሮች ግን ጊዜውን በፍሬም ይቆጥራሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሠራ ሥርዓት 25 ብላችሁ ብትጽፉ 1 ሰከንድ ነው። ያው ቁጥር በሰከንድ 50 ፍሬም ላይ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ሌላ ቦታ ተበድራችሁ የመጣችሁት ስዊቸር ዲዞልቩ ከለመዳችሁት ቶሎ ካለቀ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ።

ዋይፕ ጊዜው አልፎበታል?

ለጌጥ ከሆነ አዎ። ለሥራ ከሆነ አላለፈበትም። ሁለት ሰዎች ከሁለት ቦታ ሲነጋገሩ ቀጥ ያለ ዋይፕን በቲ-ባር መሃል ላይ አቁማችሁ ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ትችላላችሁ። ስፖርት ላይም ወደ ድጋሚ ምስል ስትገቡና ስትወጡ ይጠቅማል፤ ተመልካቹ አሁን የሚያየው ቀጥታ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ዋይፕ ከመረጣችሁ ሦስት ነገር አስተካክሉ፦ አቅጣጫውን፣ የጠርዙን ልስላሴ፣ እና ጠርዙ ላይ መስመር ይኑር አይኑር። ጠርዙን በጣም ካለሰለሳችሁት ዲዞልቭ እየመሰለ ይሄዳል፤ አንዳንዴ የምትፈልጉትም እሱን ነው። ልብ፣ ኮከብ እና የመሳሰሉትን ለሠርግ ቪዲዮ እንኳ ሁለቴ አስቡባቸው።

ዲቪኢ የሚባለው ምስሉን አሳንሶ ወይም ገፍቶ የሚያወጣው ነው። እሱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ትናንሽ ስዊቸሮች ብዙ ጊዜ ያላቸው አንድ ዲቪኢ ነው። ያንን ምስል በምስል ውስጥ ለማሳየት ከተጠቀማችሁበት ለትራንዚሽን አይገኝም። ማሽኑ አልተበላሸም።

ዲፕ ምንድን ነው?

በመሃል ሌላ ነገር ነክቶ የሚያልፍ ዲዞልቭ ነው። ከካሜራ 1 ወደ ጥቁር፣ ከጥቁር ወደ ካሜራ 2። ጥቁሩ ምዕራፍ እንደተዘጋ ያስመስለዋል። ነጭ ዲፕ የፎቶ ብልጭታ ይመስላል፤ ደጋግማችሁ ግን አትጠቀሙበት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሚመላለስ ብልጭታ የሚጥል ሕመም ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ሊቀሰቅስባቸው ይችላል።

ስቲንገር ሳደርግ ምስሉ ከሎጎው በፊት ይቀየራል። ለምን?

የመቀየሪያው ነጥብ ስለተሳሳተ ነው። ስቲንገር ማለት ሎጎ ወይም ሌላ እንቅስቃሴ ስክሪኑን ሙሉ ሸፍኖ ሲያልፍ ከሥሩ ምስሉ የሚቀየርበት ነው። ከሥሩ ያለው ብዙ ጊዜ ተራ ከት ነው። ከቱ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነበት ቅጽበት ላይ መውደቅ አለበት።

ስቲንገሩ 2 ሰከንድ ነው እንበል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን 50 ፍሬም ይሆናል። ክሊፑን ኮምፒውተር ላይ አንድ አንድ ፍሬም እየገፋችሁ እዩት። ስክሪኑ ከፍሬም 22 እስከ 28 ሙሉ ከተሸፈነ መቀየሪያውን 25 ላይ አድርጉት። 20 ላይ ከሆነ ተመልካቹ በሎጎው ጎን አዲሱ ምስል ብቅ ሲል ያያል። ኦቢኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ነጥቡን በሚሊሰከንድ ወይም በፍሬም መስጠት ትችላላችሁ፤ በዚህ ምሳሌ 1000 ሚሊሰከንድ ማለት ነው።

ሌሎች ሁለት ብልሽቶች በብዛት ያጋጥማሉ። አንደኛው ክሊፑ ጀርባው ጥቁር ሆኖ መምጣቱ ነው። ይህ ማለት ፋይሉ አልፋ ቻናል (የትኛው ክፍል ግልጽ እንደሆነ የሚነግረው መረጃ) የለውም፤ ሲወጣ ግልጽነቱን በሚይዝ ፎርማት አልወጣም። ሁለተኛው በሎጎው ዙሪያ የምትታይ ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ናት። እሷ ብዙ ጊዜ የምትመጣው ፋይሉ ፕሪመልቲፕላይድ (ቀለሙ አስቀድሞ ከግልጽነቱ ጋር የተባዛ) ሆኖ ስዊቸሩ ላይ ያ ምርጫ ስላልተከፈተ ነው። ክሊፑ የተሠራበት የፍሬም ፍጥነትም ከስዊቸሩ ጋር ይመሳሰል።

ኦቶ ስጫን ጽሑፉ ብቻ ይጠፋል፣ ካሜራው አይቀየርም። ወይም ጽሑፉ ይቀራል። ምን እያደረግሁ ነው?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ ይህን ብትረዱት ደስ ይለኛል። ስዊቸሩ ላይ «ኔክስት ትራንዚሽን» የሚል ክፍል አለ። ባክግራውንድ የሚል ቁልፍ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ኪ 1፣ ምናልባትም ኪ 2 የሚሉ። ባክግራውንድ ማለት ካሜራው ነው። ኪ ማለት በላዩ የሚለጠፈው፤ የእንግዳው ስም፣ ውጤት፣ ትንሽ መስኮት። ኦቶ ወይም ከት ስትጫኑ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ላይ የበራው ብቻ ነው።

እንግዳዋ ካሜራ 2 ላይ ናት፣ ስሟም ከታች በኪ 1 ተጽፏል። ወደ አቅራቢው፣ ወደ ካሜራ 1 መሄድ ፈለጋችሁ። ባክግራውንድ ብቻ ከበራ ካሜራው ይቀየራል፣ ስሙ ግን ይቀራል። አቅራቢው የእንግዳዋን ስም ለብሶ ቁጭ። ኪ 1 ብቻ ከበራ ስሙ ይጠፋል፣ እንግዳዋ ግን እዚያው ናት። ሁለቱም ከበሩ ካሜራው ሲቀየር ስሙም አብሮ ይወጣል። የፈለጋችሁት ይህንን ነበር።

ወጥመዱ ቀጥሎ ነው። ኪ ሁልጊዜ የሚገለበጠው ካለበት ሁኔታ ወደ ተቃራኒው ነው፤ ካለ ይወጣል፣ ከሌለ ይገባል። ማሽኑ ሁለቱንም እንደመረጠ ከቆየና እናንተ ሳታዩ በድጋሚ ኦቶ ካላችሁ ያ ስም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ቁልፉን ከማየት ይልቅ የፕሪቪው ሞኒተሩን ተመልከቱ። ጥሩ ስዊቸር ትራንዚሽኑ ካለቀ በኋላ የሚኖረውን ምስል ከነጽሑፉ ያሳያችኋል። አቅራቢው ላይ የሰው ስም ካያችሁ ገና ጊዜ አላችሁ።

ዳውንስትሪም ኪ (ከሌሎቹ ኪዎች ሁሉ በላይ የሚለጠፈው) ከዚህ ይለያል። የራሱ ከት እና ኦቶ አለው፤ ታይ የሚለውን ቁልፍ ካልተጫናችሁ በቀር ከዋናው ትራንዚሽን ጋር አይንቀሳቀስም። የጣቢያ ሎጎ እዚያ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ስቲንገር ሲያልፍ እንኳ ሎጎው በላዩ ሆኖ ይታያል።

ኦቶ ተጫንኩ፣ ምንም አልሆነም።

ፕሮግራምና ፕሪቪው ላይ አንድ ካሜራ ተመርጦ ይሆናል። ትራንዚሽኑ ይሠራል፣ ግን ከራሱ ወደ ራሱ ስለሆነ አይታይም። ዋይፕ ከነመስመሩ ከሆነ መስመሯ ብቻዋን ስክሪኑን አቋርጣ ስትሄድ ታያላችሁ።

ስክሪኑ ጠቁሯል፣ ካሜራ ብቀይርም አይመለስም!

ፌድ ቱ ብላክ የሚለው ቁልፍ ብልጭ ድርግም እያለ ነው? እንደገና ተጫኑት። ይህ ቁልፍ የሚሠራው ከሁሉም በኋላ፣ መውጫው በር ላይ ነው። ካሜራውን፣ ጽሑፉን፣ ሎጎውን አንድ ላይ ያጠቁራል። ስለዚህ ከበስተኋላው ምንም ብትቀይሩ አይታይም። ካሜራ ስትቀያይሩ ፕሮግራሙ ረድፍ ላይ ቁልፎቹ እንደወትሮው ቀይ ስለሚሆኑ ሰው ገመድ መንቀል ይጀምራል። ገመዱን ተዉት።

ለመክፈቻና ለመዝጊያ ብቻ ተጠቀሙበት። በፕሮግራም መሃል ጥቁር ከፈለጋችሁ ዲፕ አለ፤ ወይም ጥቁርን እንደ አንድ ምንጭ ፕሪቪው ላይ መርጣችሁ ወደ እሱ ዲዞልቭ አድርጉ። ድምፁ አብሮ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለብቻው የሚመረጥ እንደሆነ አረጋግጡ። ምስሉ ጠቁሮ፣ ማይኩ ክፍት ሆኖ «ጨረስን አይደል?» የሚል ድምፅ ስንቴ ሰምተናል!

ካሜራ ስቀይር ድምፅ ይቆረጣል። ከትራንዚሽኑ ነው?

ከትራንዚሽኑ ጋር የተያያዘ ነው። ስዊቸሩ ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ምርጫ አለ፦ ሁልጊዜ ክፍት፣ ወይም ምስሉን ተከታይ። ምስሉን ተከታይ ከሆነ ድምፁ የሚሰማው ያ ምንጭ አየር ላይ ሲሆን ብቻ ነው። የእንግዳው ማይክ ከካሜራ 2 ጋር ገብቶ ምስሉን ተከታይ ከተደረገ ወደ አቅራቢው በቀየራችሁ ቁጥር እንግዳው ይታፈናል። የሰዎች ማይክ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ምስሉን ተከታይ የሚስማማው ለቪዲዮ ማጫወቻ ነው። ቪዲዮው ሲገባ ድምፁ ይገባል፣ ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

በኢንተርኔት ሳስተላልፍ ዲዞልቩ ላይ ምስሉ ይበጣጠሳል።

ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን ለመላክ የሚያጨምቀው) ተጨናንቆ ነው። ኢንኮደር ቦታ የሚቆጥበው ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ባለመላክ ነው። በዲዞልቭ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ በየፍሬሙ ይለወጣል። ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የዳታ መጠን) ዝቅተኛ ከሆነ የማይበቃው ይሆንና ምስሉ ወደ ትልልቅ ካሬዎች ይከፋፈላል። መፍትሔው ቢትሬት መጨመር ነው። ኔትዎርኩ ካልፈቀደ ዲዞልቩን አሳጥሩ፣ ወይም ወደ ከት ተመለሱ። ከት የሚያስቸግረው አንድ ፍሬም ላይ ነው፤ 2 ሰከንድ ዲዞልቭ ግን በሰከንድ 25 ፍሬም 50 ፍሬም ሙሉ ያስጨንቀዋል።

የካሜራውን ቁጥር ስጫን ወዲያው አየር ላይ ይወጣል። ፕሪቪው የለውም እንዴ?

አንድ ረድፍ ብቻ ያላቸው ትናንሽ ስዊቸሮች ብዙ ጊዜ ሲገዙ ከት ባስ በሚባለው አሠራር ላይ ናቸው፤ ቁልፉን መጫን ራሱ መቀየር ነው። ኦቶ ከተመረጠ ደግሞ ቁጥሩን ስትጫኑ ትራንዚሽኑ ወዲያው ይጀምራል። ከቅንብሩ ገብታችሁ ወደ ፕሮግራም እና ፕሪቪው አሠራር መቀየር ይቻላል። ኦቢኤስ ላይ የዚህ አቻ ስቱዲዮ ሞድ ነው። ለአንድ ሰው ሥራ ከት ባስ ፈጣን ነው፤ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ የሚያዝ ከሆነ ግን ፕሪቪው የግድ ያስፈልጋል።

ዳይሬክተሩ ሲያዝ መቼ ነው የምጫነው?

ቃሉን ስትሰሙ፤ ቀድማችሁ አይደለም። ልማዱ ሁለት ደረጃ ነው። «ሬዲ ሁለት» ሲባል ካሜራ 2ን ፕሪቪው ላይ ታመጣላችሁ፣ «ቴክ» ሲባል ከት። ዲዞልቭ ከሆነ በዝግጅቱ ላይ ይነገራል፦ «ሬዲ ዲዞልቭ ሁለት» እና «ዲዞልቭ»። ሳይነገር ከቀረ ከት ነው የሚባለው። ዳይሬክተሩም 2 ሰከንድ ዲዞልቭ 2 ሰከንድ እንደሚፈጅ አስቦ ቀደም ብሎ ማዘዝ አለበት፤ ዘፋኟ አፏን ስትከፍት ካዘዘ ምስሏ የሚደርሰው የመጀመሪያው ስንኝ ካለፈ በኋላ ነው።

ካሜራ ለያዙት ደግሞ አንድ ነገር ንገሯቸው። በዲዞልቭ ጊዜ የሁለቱም ካሜራ ታሊ ቀይ ነው። የሚወጣው ካሜራ «ተራዬ አልቋል» ብሎ ቶሎ ከተንቀሳቀሰ ያ መንቀጥቀጥ በአዲሱ ምስል ላይ ተደርቦ ይታያል። መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ እጁን አያንቀሳቅስ።